መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ የት ይሄዳል? ቤትን፣ መኪናንና ቤተሰብን ለከባድ ብርድ ስለማዘጋጀት

የከባድ ብርድ ማስጠንቀቂያ በተነገረ ቁጥር ግራ መጋባትም አብሮ ይመጣል። ትንበያው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ «የሚሰማው» ተብሎ ከዜሮ በታች 20 ይጻፋል። አንዱ «ቤቴ የሚሞቀው በጋዝ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም አያሳስበኝም» ይላል። ሌላው መኪናው በአራቱም ጎማ ስለምትነዳ በረዶ ላይ እንደ ልቧ ትቆማለች ብሎ ያምናል። እነዚህ ግምቶች በአዘቦቱ ቀን ማንንም አይጎዱም። ማዕበሉ በገባበት ሌሊት ግን ሕይወት ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የራሳችንን ቃል ማጥራት ይገባል። በአማርኛ ክረምት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ዝናብና ጭቃ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ክረምት የምንለው ውሃ የሚረጋበትን፣ ቀኑ አጥሮ ብርዱ ለሳምንታት የሚከርምበትን ወቅት ነው። «በረዶ» የሚለው ቃልም ብዙ ተሸክሟል። ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚበነውን አመዳይ፣ መንገድ ላይ የሚጋገረውን መስታወት መሳይ ግግር ሁሉንም በረዶ እንላለን። ለሚዘጋጅ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። አመዳይ መንገድ ይዘጋል፤ ሲወርድ ዝናብ ሆኖ መሬት ሲነካ የሚረጋው ውሃ ግን የኤሌክትሪክ ገመድና ምሰሶ ይጥላል። በጃንዋሪ 1998 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በካናዳ ኩቤክንና ምሥራቃዊ ኦንታሪዮን የመታው የዚህ ዓይነቱ ዝናብ ከ1,000 በላይ የኃይል ማስተላለፊያ ማማዎችን አጣጥፎ ጥሏል። አንዳንድ አካባቢዎች መብራት ያገኙት ከአንድ ወር በኋላ ነበር።

የዝግጅት ምክሮች ብዙውን ጊዜ ቤት፣ መኪና፣ ቤተሰብ እያሉ በሦስት ዝርዝር ይቀርባሉ። ዝርዝሩ ጠቃሚ ቢሆንም ሦስቱን የሚያያይዘውን ጥያቄ ይሸፍነዋል። ሙቀቱ የሚመጣው ከየት ነው? ያ ምንጭስ በምን ላይ ተደግፏል? ለዚህ መልስ ያለው ቤተሰብ የቀረውን ዝርዝር ራሱ ማውጣት አያቅተውም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

«ዊንድ ችል» ወይም የነፋስ ቅዝቃዜ የሚባለው መለኪያ የተጀመረው በአንታርክቲካ ነው። ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ አሜሪካውያን አሳሾች በዕቃ የተሞላ ውሃ በተለያየ የነፋስ ፍጥነት ለመርጋት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ለክተው ውጤቱን በ1945 አሳተሙ። ዛሬ የምንሰማው ቁጥር አሜሪካና ካናዳ በ2001 ባሻሻሉት ቀመር የሚሰላ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገላችን በዙሪያው ያለውን ስስ አየር ያሞቃል፤ ነፋሱ ያንን የሞቀ አየር እየጠረገ ይወስድና ገላ በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል።

ስለዚህ «የሚሰማው» ቁጥር የሚነግረን ስለ ገላ ነው። አየሩ ከዜሮ በላይ 2 ዲግሪ ሆኖ የነፋሱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 5 ቢባል የቧንቧው ውሃ አይረጋም፤ ነፋስ ዕቃን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም። በተቃራኒው፣ ይኸው ቁጥር ከዜሮ በታች 28 ገደማ ሲደርስ ያልተሸፈነ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ልጅ ለትምህርት ቤት ሲለብስ የሚታየው ይህ ቁጥር ነው። ለቧንቧና ለመኪና ግን ትክክለኛውን የአየር ሙቀት ማየት ያስፈልጋል።

የማስጠንቀቂያ ደረጃዎችም ይምታታሉ። በአሜሪካ አጠራር «ዎች» ሲባል ማዕበሉ ሊመጣ የሚችልበት ሁኔታ አለ ማለት ነው፤ «ዋርኒንግ» ሲባል ግን ወይ ደርሷል ወይ በደጅ ነው። ለመዘጋጀት የሚመቸው የመጀመሪያው ሲነገር ነው። «ብሊዛርድ» የሚባለው ደግሞ የግድ ብዙ አመዳይ የወረደበት ማዕበል አይደለም፦ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚነፍስ ነፋስ ዕይታን ከ400 ሜትር በታች አውርዶ ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ሲቆይ ነው። መሬት ላይ የተኛ አሮጌ አመዳይ በነፋስ ተነሥቶም ብሊዛርድ ሊሆን ይችላል።

ዓለም እየሞቀ ለምን እንዲህ ይበርዳል?

በየክረምቱ የሚነሣ ክርክር ነው። «ፖላር ቮርቴክስ» ወይም የዋልታ አዙሪት የሚባለው ከሰሜን ዋልታ በላይ፣ ከፍ ባለ የከባቢ አየር ንብርብር በክረምት የሚሽከረከር የቀዝቃዛ አየር ቀለበት ነው። ሲጠነክር ብርዱን እዚያው አጥሮ ይይዛል። ሲዳከም ወይም ሲከፈል ብርዱ ወደ ደቡብ ያፈተልካል። በጃንዋሪ 2021 አዙሪቱ ተናግቶ ነበር፤ በቀጣዩ ወር አስከፊ ብርድ እስከ ቴክሳስ ወረደ።

አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ እየሞቀ ነው። ይህ ሙቀት አዙሪቱንና ከሥሩ ያለውን የነፋስ ጅረት እያዳከመ ብርድ ወደ ደቡብ እንዲወርድ ያደርጋል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሌሎች ደግሞ በልኬቱ የሚታየው መዋዠቅ ከተፈጥሮው የተለመደ መለዋወጥ የተለየ ለመሆኑ ማስረጃው አያጠግብም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ግን አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 ሪፖርቱ እንዳስቀመጠው፣ ከ1950 ወዲህ ከባድ ብርዶች በዓለም ደረጃ ቁጥራቸውም ጥንካሬያቸውም ቀንሷል። በእኔ ግምት አደገኛው ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብርዱ አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ ሲሆን ቤቱም፣ ተቋሙም፣ ሰዉም ልምዱን ይረሳል። ልምድ በሌለበት መጠነኛ ብርድ እንኳ ብዙ ያጠፋል።

ቴክሳስ፣ ፌብሩዋሪ 2021

ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚበጠስ በግልጽ የታየው በዚያ ሳምንት ነው። ብርዱ የተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓዶችንና መስመሮችን አረጋ፤ ለብርድ ያልተዘጋጁ የኃይል ማመንጫዎችም ቆሙ። ማመንጫዎቹ ጋዝ ይፈልጋሉ፣ ጋዙን የሚገፉት ኮምፕሬሰሮች ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። የመብራት መቋረጡ የጋዝ ተቋማትን ሲነካ የጋዝ እጥረቱ ተባባሰ፣ ያም መልሶ መብራቱን ቀነሰ። የቴክሳስ የኃይል መረብ ከአጎራባች ግዛቶች ጋር ያለው ግንኙነት ጠባብ በመሆኑ ከውጭ በቂ ኃይል ማምጣት አልተቻለም። የመረቡ አስተዳዳሪዎች በኋላ እንደተናገሩት ሥርዓቱ ጨርሶ ሊወድቅ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰኮንድ ነበር።

ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ቧንቧዎች ፈነዱ፣ የውሃ ግፊት ወረደ፣ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ተባሉ። የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት በመጨረሻ የመዘገበው የሟቾች ቁጥር 246 ነው። ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሞቱት በቅዝቃዜው ጉዳት ሲሆን፣ የቀሩት በነባር ሕመም መባባስ፣ በመኪና አደጋ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ፣ በእሳትና በመውደቅ ነው።

ይህ ጥፋት የማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። አንዳንዶች እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሦስት ቀን የሚበቃውን ካዘጋጀ አደጋው ይቀንሳል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ማመንጫን ከብርድ መከላከል የመንግሥትና የኩባንያ ሥራ ነው፣ ሸክሙን ወደ ግለሰብ ማዞር ተገቢ አይደለም ይላሉ። ሁለተኛው ወገን ስለ ኃላፊነቱ ትክክል ነው፤ አንድ ቤተሰብ የተሰበረ መረብ አይጠግንም። ሆኖም መረቡ እስኪጠገን ያሉትን 72 ሰዓታት የሚኖረው ያው ቤተሰብ ነው።

ቤት፦ ማሞቂያውና ቧንቧው

በጋዝ የሚሠራ የቤት ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ አይነሣም። እሳቱን የሚለኩሰው፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረውና አየሩን ወደ ክፍሎች የሚነፋው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክፍል ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ጋዝ እያለም ቤቱ ይቀዘቅዛል። ከክረምት በፊት ማሞቂያውን በባለሙያ ማስመርመር፣ ማጣሪያውን መቀየር፣ የጭስ መውጫውና የአየር ማስገቢያው ቱቦ ከቤቱ ውጭ የት እንዳለ ማወቅ የሚገባውም ለዚህ ነው። አመዳይ ቱቦውን ከደፈነው ማሞቂያው ሊቆም ወይም መርዛማ ጋዝ ወደ ቤት ሊመልስ ይችላል።

ቧንቧ የሚፈነዳበት መንገድ ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም። ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ነገር ግን ቧንቧው ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው በረዶው ባለበት ቦታ አይደለም። በረዶው እንደ ቡሽ ሆኖ መስመሩን ይደፍንና ባደገ ቁጥር በእሱና በተዘጋው የቧንቧ አፍ መካከል የታሰረውን ውሃ ይጨምቃል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በጣም ደካማው ቦታ ይፈነዳል፣ ምናልባትም ከበረዶው ርቆ። በብርድ ሌሊት ውሃን በቀጭኑ ማንጠብጠብ የሚመከረው ስለዚህ ነው። የተከፈተው አፍ ግፊቱን ያስተነፍሰዋል።

ሽፋን የሌለው፣ በውጭ ግድግዳ ወይም ከኮርኒስ በላይ የሚያልፍ ቧንቧ ውጭው ከዜሮ በታች 6 ወይም 7 ዲግሪ ሲደርስ ለአደጋ ይጋለጣል። ብርድ በማይበዛበት አካባቢ የተሠሩ ቤቶች ቧንቧቸው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በእነዚህ ቦታዎች ስለሆነ ብርድ በሚበዛበት ሰሜን ከተሠሩት ይልቅ ቶሎ ይጎዳሉ። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ቧንቧውን በስፖንጅ ሽፋን መጠቅለል፣ የውጭውን የአትክልት ጎማ መንቀል፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቶ የክፍሉ ሙቀት እንዲገባ ማድረግ። ቤቱን ትቶ የሚጓዝ ሰው ማሞቂያውን ከ13 ዲግሪ በታች ባያወርደው ይመረጣል። የረጋ ቧንቧን ማቅለጥ ካስፈለገ ከአፉ ጀምሮ በፀጉር ማድረቂያ እንጂ በእሳት ነበልባል አይሞከርም፤ በዚህ መንገድ የተቃጠሉ ቤቶች አሉ።

መብራቱ ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ቤቱን በሙሉ ማሞቅ አይቻልም። ቤተሰቡ አንድ ክፍል መርጦ ይሰበሰባል፣ በተቻለ መጠን ፀሐይ የሚገባበትንና ትንሹን። በሩ ሥር ጨርቅ ይወሸቃል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ለብርሃን የእጅ ባትሪ ከሻማ ይሻላል።

ሽታ የሌለው አደጋ

በዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የሚነበብ ቢሆን ይህ እንዲሆን እመርጣለሁ። ሰው ሲበርደው የሚያቃጥለው ነገር ይፈልጋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚገባው በዚያ በር ነው። ከሰል፣ ቤንዚን፣ ጋዝ ወይም እንጨት በበቂ አየር ካልተቃጠለ የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ከደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ነው። ሰውየው እየተነፈሰ አካሉ ኦክስጅን ይራባል።

የተቀጣጠለ ከሰል በተለይ ያታልላል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ጠርቷል» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። ጭሱ ቢያልቅም ጋዙ አላለቀም፤ ፍሙ እስካለ ድረስ ይወጣል። መስኮት መክፈትም ዋስትና አይሆንም። የምግብ ማብሰያ ምድጃን ከፍቶ ቤት ማሞቅ ያው ነው። በቴክሳስ በዚያ ሳምንት ከተመረዙት መካከል ለመሞቅ ሲሉ ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሡ ቤተሰቦች ነበሩ። የጋራዡን በር መክፈት አያድንም፣ ጋዙ ከጋራዡ ጋር በተያያዘው ግድግዳ በኩል ወደ መኝታ ክፍል ያልፋል።

ጄኔሬተር ያለው ሰው ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር አርቆ፣ የጭስ መውጫውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሮ ያስቀምጠዋል። በግድግዳ ሶኬት በኩል ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘት ደግሞ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም።

የመመረዝ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው፤ በብርድ ወራት ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል። ትኩሳት ሳይኖር ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመመ፣ ወይም ውጭ ሲወጡ ሕመሙ ከቀለለ፣ ምክንያቱ ጋዙ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁሉም ወዲያውኑ ከቤት ወጥቶ ነው የድንገተኛ አደጋ ስልክ የሚደወለው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በየፎቁ፣ በመኝታ ክፍሎች አቅራቢያ መኖሩ በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ዝግጅቶች ሁሉ በዋጋ ትንሹ፣ በጥቅም ትልቁ ይመስለኛል።

መኪና

ብርድ በመጀመሪያ የሚያጠቃው ባትሪውን ነው። የተለመደው የመኪና ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ግማሽ ያህል አቅሙን ያጣል፤ በዚያው ሰዓት ዘይቱ ስለወፈረ ሞተሩ ለመነሣት ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። በበጋ «ደህና ነው» የሚባል የደከመ ባትሪ በክረምት ጠዋት የሚከዳው ለዚህ ነው። አንቲፍሪዝ፣ ማለትም የራዲያተሩ ውሃ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ፣ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ሲቀላቀል እስከ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ይከላከላል። የጎማ ነፋስም ሙቀቱ በወረደ ቁጥር ይቀንሳል፤ ስለዚህ በብርድ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ይለካል።

አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅስ መኪና ለመነሣትና ከጉድጓድ ለመውጣት ይረዳል። ለመቆም ግን አይረዳም፤ ፍሬን ማንኛውም መኪና በአራቱም ጎማ አለው። የሚያቆመው ጎማው መንገዱን የሚይዝበት ኃይል ነው። የተራ ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፣ የክረምት ጎማ ደግሞ በብርድ እንዲለሰልስ ሆኖ የተሠራ ነው። ግግር ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከደረቅ መንገድ እስከ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። «ብላክ አይስ» የሚባለው ስስ ግግር የአስፋልቱን ቀለም ስለሚያሳይ እርጥበት ብቻ ይመስላል፤ ከሥርም ከላይም ብርድ የሚመታው ድልድይ ደግሞ ከመንገዱ ቀድሞ ይረጋል።

በዲሴምበር 2022 በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ አካባቢ ብሊዛርዱ ለ37 ሰዓት ገደማ ሲቆይ የነፍስ አድን ተሽከርካሪዎች ራሳቸው መንገድ ላይ ቀሩ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ የተገኙት በመኪናቸው ውስጥ፣ ሌሎቹ ደግሞ ጎዳና ላይ ነው። ከዚህ የሚወሰደው የመጀመሪያው ነገር፣ አትውጡ ሲባል አለመውጣት ነው። መንገድ ላይ የቀረ ሰው፣ መጠለያ በግልጽ ቅርብ ሆኖ ካልታየው በቀር፣ ከመኪናው ባይወርድ ይሻላል። መኪናዋ ከነፋስ ትከልላለች፣ ለፈላጊም ከሰው ይልቅ ትታያለች። ሞተሩ በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ይነሣል። ከዚያ በፊት ግን ማርሚታው ጫፍ ላይ የተከመረው አመዳይ ይጠረጋል፣ መስኮትም በጥቂቱ ይከፈታል፤ የተደፈነ ማርሚታ የሚመልሰው ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ነዳጅ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ የሚመከረው እነዚህን ሰዓታት ታስቦ ነው። ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ የስልክ ባትሪ መሙያ፣ አካፋና ጎማ ሥር የሚበተን አሸዋ ቦታቸው መኪናው ውስጥ ነው።

ሰውነት

«ሃይፖተርሚያ» የውስጥ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው። በመጀመሪያ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ጣቱን ቆፈን ይይዘዋል። ቀጥሎ ንግግሩ ይጎተታል፣ ሐሳቡ ይምታታል። አሳሳቢው ጊዜ መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው፤ ተመልካች «ተሻለው» ሊል ይችላል፣ ነገር ግን ሰውነት መከላከል ማቆሙ ነው። አልኮል ያሞቃል የሚለው እምነትም አደገኛ ነው። የቆዳ የደም ሥሮችን አስፍቶ የሙቀት ስሜት ይሰጣል፣ በዚያው መንገድ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል። የሰውነት ሙቀት ግማሹ በራስ በኩል ይወጣል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ድርሻው 10 በመቶ ገደማ ነው። ቆብ መልበስ ግን ተገቢ ነው፣ ጆሮ ቀድሞ ከሚረጉት የአካል ክፍሎች አንዱ ነውና። የረጋ ጣት አይታሽም፣ በአመዳይም አይፈተግም፤ ዳግም እንደማይረጋ ከተረጋገጠ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ይሞቃል።

በ2015 በላንሴት መጽሔት የወጣ፣ በ13 አገሮች የተመዘገቡ 74 ሚሊዮን ሞቶችን የተመለከተ ጥናት ከአየር ሙቀት ጋር የተያያዘው ሞት በአብዛኛው ከብርድ፣ ያውም ከመካከለኛ ብርድ እንደሚመጣ አሳይቷል። ብርድ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል። አመዳይ በአካፋ መዛቅ ለልብ ሕመምተኛ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ላይ ድንገተኛ ከባድ ሥራ ስለሚደርብበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 መመሪያው ለቤት ውስጥ 18 ዲግሪን እንደ ዝቅተኛ ልክ አስቀምጧል። አረጋውያን ብርዱን በወቅቱ ላይገነዘቡት ይችላሉ፣ ስለዚህ «አልበረደኝም» የሚለው ቃላቸው ብቻውን አይበቃም፤ በክፍላቸው ቴርሞሜትር ቢኖር ጥሩ ነው። ሕፃን በላላ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ አይተኛም፣ መታፈን ያሰጋል። በመኪና ወንበርም ወፍራም ጃኬት ለብሶ አይታሰርም፤ በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ሲጨመቅ ቀበቶው ይላላል። ታስሮ ካበቃ በኋላ ጃኬቱን ከላይ ማልበስ ይቻላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀም ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ዕቅዱን ከማዕበሉ በፊት ከሐኪሙና ከመብራት አቅራቢው ጋር መነጋገር አለበት። ኢንሱሊን ከረጋ አይሠራም፣ ስለዚህ ፍሪጅ ቆመ ተብሎ ውጭ በረዶ ላይ አይቀመጥም። ለመጠጥና ለንጽሕና በሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ይያዛል።

ብርዱ ካለፈ በኋላ

ሙቀቱ ሲመለስ የተሰወረው ጉዳት ይወጣል። የተሰነጠቀ ቧንቧ በረዶው ደፍኖት ስለነበር አይፈስም ነበር፤ ሲቀልጥ ግን ውሃው በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ ይለቀቃል፣ ብዙ ጊዜም ቤተሰቡ ተንፈስ ብሎ በተኛበት ሰዓት። በዚያች ደቂቃ የሚያስፈልገው ዋናውን የውሃ መዝጊያ ማግኘት ነው። መዝጊያው በምድር ቤት፣ በማሞቂያው አጠገብ ወይም ከደጅ ቆጣሪው ዘንድ ሊሆን ይችላል። የት እንዳለ በብርሃን ተፈልጎ፣ መዞሩ ተሞክሮ፣ ከቤተሰቡ ቢያንስ ሁለት ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ማስጠንቀቂያ ሳይነገር፣ ዛሬም ሊሠራ የሚችል ነው።